መጥፎ ወሬ ቶሎ የሚደርስበት ዩኒቨርሲቲ



በ2015 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 1294ን ሲያጸድቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበት መንገድ ተከፈተ። በዚያ መንገድ መጀመሪያ የገባው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪዎቹን በራሱ የመግቢያ ፈተና ይቀበላል፤ ክፍያ ያስከፍላል፤ ስለ አደረጃጀቱና ስለ ሠራተኛው በራሱ ይወስናል፤ ገንዘቡንም በራሱ ያስተዳድራል። የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው የተለዩት ጅማ፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ አርባ ምንጭና ሐረማያም ነገ ከነገ ወዲያ በዚያው መንገድ እንዲሄዱ ይጠበቃል።

ስለ ራስ ገዝነት ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው የአካዳሚክ ነፃነት ነው፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። እኔ ዛሬ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ግን የገንዘብን ነገር ነው። በተለይም ገንዘብ ማጠሩን ማን፣ መቼ፣ ከማን እንደሚሰማ። ድህነት ብቻውን ዩኒቨርሲቲን አይጥልም። ደመወዝ በችግር እየከፈሉ፣ በአሮጌ ማይክሮስኮፕ እየሠሩ ትልልቅ ሰዎችን ያፈሩ ዩኒቨርሲቲዎች በአህጉራችን ሞልተዋል። ዩኒቨርሲቲ የሚወድቀው፣ ሒሳቡ መጉደሉን የሚያውቁት ሳይናገሩ፣ መወሰን የሚችሉትም ሳያውቁ ወራት ሲያልፉ ነው። መልካም አስተዳደር የምንለው ነገር በችግር ጊዜ የሚለካው በዚህ ነው፦ መጥፎው ወሬ ከሒሳብ ክፍል ተነሥቶ ቦርድና ሴኔት ጋ ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?

አስቀድመን የጫናውን ልክ እንይ። በ1990 ዓ.ም. አገራችን የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ45 በላይ ናቸው። ሕንፃው፣ ዶርሙ፣ ካፌው፣ የመምህራኑ ቅጥር ሁሉ የታቀደው በየዓመቱ እጅግ ብዙ አዲስ ተማሪ ይጎርፋል ተብሎ ነበር። ከዚያ የ12ኛ ክፍል ፈተና አሰጣጥ ተለወጠ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ፈተናው መጥበቁ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ኩረጃ የወረሰው ፈተና ለማንም አልጠቀመም። ነገር ግን ለብዙ ሺህ ሰው የተሠራ ግቢ በጥቂት ሰው ሲቀር መብራቱም፣ ጥበቃውም፣ ደመወዙም አብሮ አልቀነሰም። የሬሜዲያል ፕሮግራሙ ክፍተቱን በከፊል ደፍኖታል እንጂ አልዘጋውም።

ቀጥሎ የብሩ ነገር መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ኬሚካሉ፣ የላቦራቶሪ መሣሪያው፣ የጆርናል ምዝገባው፣ ሶፍትዌሩ የሚገዛው በዶላር ነው። ካፌውም የራሱ ጣጣ ነበረው። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለዓመታት 22 ብር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ተደርጓል። በ22 ብር ቁርስ፣ ምሳና እራት ማብላት ምን ማለት እንደሆነ የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊዎች ያውቁታል። ጭማሪው ሊቀር የማይችል ነበር፤ ያንን ያህል ዓመት መዘግየቱ ነው የሚያሳዝነው። በዚህ ሁሉ ላይ የመውጫ ፈተናው፣ የኢንተርኔት ትምህርቱ፣ አሁን ደግሞ ተማሪው በእጁ ይዞት የመጣው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጨምሯል። እያንዳንዱ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ውሳኔም ይጠይቃል።

ይህን ጫና የሚሸከመው አስተዳደር በምን ልማድ ውስጥ ያደገ ነው? በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡት፤ ቻንስለሩም እሳቸው ሆኑ። ሰጪውና አዛዡ አንድ ነበር። መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ ይህ ግንኙነት ግን በመሠረቱ አልተለወጠም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ለዩኒቨርሲቲዎች ጥቅል በጀት እንደሚሰጥ ደንግጎ ነበር። በተግባር ግን በየርዕሱ ተሸንሽኖ የሚመጣው በጀት ለረጅም ዓመታት ቀጠለ፤ ለጽሕፈት መሣሪያ ይህን ያህል፣ ለነዳጅ ይህን ያህል፣ ለአላቂ ዕቃ ይህን ያህል እየተባለ።

አራት ኪሎ ያለ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ለምርምሩ የሚሆን ኬሚካል ጥቅምት ላይ ጠየቀ እንበል። ጥያቄው ከትምህርት ክፍሉ ወደ ዲኑ፣ ከዲኑ ወደ በጀት፣ ከበጀት ወደ ግዥ ይሄዳል። ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ፊርማው እስኪሟላ ፕሮፎርማው ጊዜው ያልፍበታል፤ ነጋዴውም በድሮ ዋጋ አልሸጥም ይላል። እንደገና ይሰበሰባል። ፋሲካ አልፎም ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 የሚቆርጥለት ዕቃ የለም። ሰኔ ሲገባ ግን ግቢው በሙሉ ይሯሯጣል፤ ሰኔ 30 በጀት ይዘጋልና፣ ሥራ ላይ ያልዋለው ገንዘብም ተመላሽ ነውና። በዚያች ወር የሚገዛው፣ በዚያች ወር መቅረብ የሚችለው ነው። ወንበር ይገባል፤ ፕሪንተር ይገባል፤ ቶነር በካርቶን ይገባል። ኬሚካሉ አይገባም። መምህሩ በቀጣዩ ጥቅምት ጥያቄውን እንደገና ይጽፋል፤ ወይም መጻፉን ይተዋል።

ይህ አሠራር ያባከነው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሰውንም አስተምሯል። ዲኑን ስለ ኮሌጁ ወጪና ገቢ ማወቅ ሥራዬ አይደለም እንዲል አስተምሮታል። ሴኔቱን ስለ ካሪኩለምና ስለ ምረቃ ቀን እየተወያየ ሒሳቡን ለፋይናንስ ዳይሬክተሩ እንዲተው አስለምዶታል። ቦርዱንም ቢሆን፣ ጠዋት የታደለውን ሰነድ ከሰዓት በኋላ ማጽደቅ ምንም የማያስከትል አድርጎ አሳይቶታል። በርግጥም ለብዙ ጊዜ አላስከተለም፤ ምክንያቱም ከሁሉም በስተጀርባ ገንዘብ ሚኒስቴር ነበር። ጉድለት ቢመጣ ተጨማሪ በጀት ይጠየቃል፤ ደመወዝ አይቋረጥም። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ያልተሰበሰበ ገንዘብ፣ የግዥ ሕግ ጥሰት እያለ በየዓመቱ ለምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት ዩኒቨርሲቲዎች በተደጋጋሚ ይጠራሉ። ኃላፊዎች በቋሚ ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ፤ እናስተካክላለን ይላሉ። ኦዲቱ ግን የሚመጣው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ ዘንድሮ የተጠየቁበት ጉዳይ የአምና ወይም የካቻምና ነው። ራስ ገዝ በሆነ ዩኒቨርሲቲ ያ የገንዘብ ሚኒስቴር ደጀንነት ቀስ በቀስ ይነሣል። የቀረው ልማድ ግን የድሮው ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ይህ ነው።

ስጋቱ ባዶ እንዳልሆነ የሚያሳይ ምስክር ከስኮትላንድ ላምጣላችሁ። የደንዲ ዩኒቨርሲቲ በ1881 እ.ኤ.አ. ኮሌጅ ሆኖ ተመሠረተ፤ በ1967 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በሕክምናና በሕይወት ሳይንስ ምርምር በዓለም የታወቀ ነው። በኖቬምበር 2024 የዩኒቨርሲቲው ርዕሰ መምህር ፕሮፌሰር ኢየን ጊለስፒ እስከ 30 ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ጉድለት እንዳለና የሥራ ቅነሳ እንደማይቀር ለሠራተኞቹ አስታወቁ። በቀጣዩ ወር በድንገት ሥራቸውን ለቀቁ። ጉድለቱ 35 ሚሊዮን ሆነ። በማርች 2025 ዩኒቨርሲቲው 632 የሥራ መደቦችን ለማጠፍ ማቀዱን ይፋ አደረገ። የስኮትላንድ የገንዘብ ድጋፍ ምክር ቤት 22 ሚሊዮን ፓውንድ በአስቸኳይ ሰጠ፤ ወራት ሳይቆይ ተጨማሪ 40 ሚሊዮን አስፈለገ።

የውጭ ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የብሪታንያ መንግሥት አብዛኞቹ የማስተርስ ተማሪዎች ቤተሰባቸውን ይዘው እንዳይገቡ ከለከለ። የናይጄሪያ መንግሥት በ2023 ናይራን ለገበያ ሲለቅ ገንዘቡ አሽቆለቆለ፤ ሌጎስ ያለ ወላጅ ልጁን ወደ ስኮትላንድ መላክ አቃተው። እኛ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ያየነውን እነሱ ከዓመት በፊት አይተውታል። ደንዲ ደግሞ ከውጭ አገር ተማሪዎች በሚሰበሰብ ክፍያ ላይ በጣም ተማምኖ ነበር። ነፋሱ ግን የነፈሰው በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ላይ ነው። ብዙዎቹ ቆሰሉ፤ ደንዲ ግን ያለ መንግሥት እጅ ደመወዝ መክፈል እስከሚያቅተው ደረሰ። ለምን?

ይህን እንዲመረምሩ ፕሮፌሰር ፓሜላ ጊሊስ ተመደቡ፤ የምርመራው ሪፖርት በጁን 2025 ወጣ። ለእኔ የዚህ ሪፖርት ዋና ቁም ነገር የሰዎች ዝምታ ነው። ገቢው እየወረደ ወጪው በነበረበት ቀጥሏል። ለተወሰነ ዓላማ ተለይቶ የተቀመጠ ገንዘብ ለዕለት ወጪ ውሏል። ኮርት ተብሎ ለሚጠራው የበላይ አካል የሚቀርበው መረጃ የዘገየና ያልተሟላ ነበር። በአመራሩ ክበብ ውስጥ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው አይወደድም ነበር፤ በተለይ ሴቶች ሐሳባቸው ይገፋ እንደነበር ተመልክቷል። ሪፖርቱ በወጣ ጊዜ ተጠባባቂው ርዕሰ መምህርና የኮርቱ ተጠባባቂ ሰብሳቢ ሥራቸውን ለቀቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉልኝ። ስኮትላንድ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ሕግ አላት። በሕጉ መሠረት በእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የበላይ አካል ውስጥ በሠራተኛው የተመረጡ፣ ከሠራተኛ ማኅበራት የተወከሉና ከተማሪዎች የተወከሉ አባላት ይቀመጣሉ፤ ሰብሳቢውም በምርጫ ይመጣል። እኛ አገር መምህራን ለዓመታት የጠየቁት ውክልና በደንዲ ነበረ። ወንበሩ ተሰጥቷል፤ ሰዎቹም ተቀምጠዋል። ፊታቸው የተዘረጋው ወረቀት ግን የገንዘቡን እውነት አልያዘም። ስለዚህ «ቦርድ ውስጥ እንወከል» የሚለው ጥያቄያችን ትክክል ቢሆንም፣ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። የሚወክለን ሰው ምን ሊያይ እንደሚችል አብሮ ካልተጻፈ፣ ውክልናው ጥፋት ሲመጣ ተጠያቂነትን ለመካፈል ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው ምስክር ቅርባችን ነው፤ ከካምፓላ። ማኬሬሬ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በድህነት የተራቆተ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከፋይ ተማሪዎችን መቀበል፣ የማታ ትምህርት መክፈት ጀመረ። ዓሥር ዓመት ሳይሞላ፣ ከዚያ በፊት ከፋይ ባልነበረበት ግቢ ከተማሪዎቹ ከ70 በመቶ በላይ ከፋይ ሆኑ። ተመራማሪው ዴቪድ ኮርት በ1999 ባሳተመው ጥናት ይህን ጸጥተኛ አብዮት ብሎ አሞገሰው፤ ለአፍሪካ ሁሉ አርአያ ነው ተባለ። ምሁሩ ማሕሙድ ማምዳኒ ግን በ2007 ስለ ማኬሬሬ ባወጣው መጽሐፍ ሌላውን ገጽ አሳየ። ትምህርት ክፍሎች ለገበያ የሚስብ ስም ያለው ፕሮግራም ለመክፈት ይሽቀዳደማሉ፤ አንዱ በሌላው መስክ ይገባል፤ መምህሩ ከምርምር ይልቅ የማታ ክፍል ያሳድዳል። ገንዘቡ ገባ፤ ክፍፍሉን የሚዳኝ ጠንካራ አካል ግን አልነበረም። በ2016 እ.ኤ.አ. መምህራን ከውስጥ ገቢ ሊከፈላቸው ቃል የተገባላቸው ማበረታቻ ለወራት ስላልተከፈላቸው ሥራ አቆሙ፤ የኡጋንዳው ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒም በኖቬምበር ዩኒቨርሲቲውን ዘጉት፤ የተከፈተው በቀጣዩ ጃንዋሪ ነው።

በኤክስቴንሽን ያስተማራችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። የትርፍ ሰዓት ክፍያው የአንዳንዱን ኮሌጅ መምህር ኑሮ ደግፎ ይዟል፤ የሌላው ኮሌጅ መምህር ግን ምንም የለውም። አካውንቲንግና ማኔጅመንት የማታ ተማሪ አያጡም፤ ፍልስፍናና ግዕዝ፣ ፊዚክስና ጂኦሎጂ ያጣሉ። ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ገቢውን በየኮሌጁ የሚያከፋፍልበት ደንብ ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት በሴኔት ክርክር ተደርጎበት ካልጸደቀ፣ ከመጣ በኋላ የሚወስነው ጉልበት ነው። ፊዚክስ ከሌለው ዩኒቨርሲቲ የሚወጣ ኢንጂነር ምን ዓይነት እንደሚሆን እናንተው አስቡት። የሚያተርፈው ክፍል የማያተርፈውን ሊደግፍ ይገባል፤ ምን ያህል እንደሚደግፍ ግን በጽሑፍ የታወቀ፣ ለዓመታት የሚጸና ደንብ ይሁን። አትራፊው ኮሌጅም ቢሆን የሚያስቀይመው የሚወሰድበት መጠን ሳይሆን መጠኑ በየዓመቱ በአንድ ሰው ፈቃድ መለዋወጡ ነው።

ብዙዎች በቅን ልብ የሚያነሡትን ተቃውሞ አውቃለሁ። «ሒሳቡ ቢታወጅ ሽብር ይፈጠራል፤ ጎበዝ መምህራን ይሄዳሉ፤ ተማሪ ይሸሻል፤ ባንክ ፊቱን ያዞራል» ይባላል። ነገር ግን የደንዲ ሠራተኞች ጉድለቱን ሲሰሙ የቀረው መድኃኒት ከሥራ ማሰናበት ነበር። ከዓመት በፊት ቢሰሙ ኖሮ የቅጥር እገዳ፣ የግንባታ ማዘግየት፣ በፈቃደኝነት ጡረታ መውጣት የመሳሰሉ ቀለል ያሉ መንገዶች ነበሩ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ደግሞስ በእኛ ግቢ ምን ይደበቃል? ለአቅራቢ ያልተከፈለ ዕዳ መኖሩን በመጀመሪያ የሚያውቀው ዳቦ የሚያመጣው ነጋዴ ነው፤ ከእሱ የካፌ ሠራተኛው፣ ከሠራተኛው ተማሪው ይሰማል። ቦርዱ በሩብ ዓመት አንድ ጊዜ ሲሰበሰብ የመጨረሻው ሰሚ ይሆናል።

ሌላው ተቃውሞ የፍጥነት ነው። ዘመኑ ይሮጣል፤ ሴኔት እስኪመክር ዕድሉ ያልፋል፤ ስለዚህ ጠንካራ ፕሬዚዳንት ያስፈልገናል ይላሉ። ጠንካራ ፕሬዚዳንት እኔም እፈልጋለሁ። ሴኔት ስለ እያንዳንዱ ግዥ ድምፅ ይስጥ የሚል ሰው የለም። ፕሬዚዳንቱ በፍጥነት ይወስኑ፤ የወሰኑትንና የወሰኑበትን ቁጥር ግን ሌሎች በዚያው ሳምንት ይዩት። ኮቪድ በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ሲገባ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪ ወደየቤቱ መላካቸው እንኳ የረጅም ስብሰባ ውጤት አልነበረም። በአስቸኳይ ጊዜ መፍጠን እንችላለን። ያልለመድነው አስቸኳዩ ከመምጣቱ በፊት እርስ በርስ መነጋገርን ነው።

ስለ መነጋገር ስናነሣ የራሳችንን ቁስል ማለፍ አይቻልም። በ1985 ዓ.ም. ከተማሪዎች ሰልፍና በሰልፉ ላይ ከደረሰው ደም መፍሰስ በኋላ ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ። ከመካከላቸው በየሙያቸው ስመ ጥር የነበሩ ምሁራን ነበሩ። ያ ውሳኔ ግቢው ውስጥ የተወው ትምህርት ከማንኛውም አዋጅ የጠለቀ ነው፦ ዝም ያለ ደመወዙን ይበላል። ይህ ትምህርት ከትውልድ ትውልድ ተላልፏል። ስለዚህ የቦርድ አባላት ቁጥር ስንት ይሁን፣ ሰብሳቢው ማን ይሁን ከሚለው ባልተናነሰ፣ አንድ ረዳት ፕሮፌሰር በሴኔት ስብሰባ ላይ «ይህ ቁጥር አልገባኝም» ሲል ምን ይደርስበታል የሚለውን መጠየቅ አለብን። የልዩነት ሐሳቡ በቃለ ጉባኤው ላይ በስሙ ይሰፍራል ወይስ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ተብሎ ይዋጣል? እኔ ብጠየቅ ከብዙ የአስተዳደር ማሻሻያ ሰነድ ይህችን አንዲት መስመር አስቀድማለሁ።

ከዚህ በተረፈ የምጠይቀው ቀላልና የሚቻል ነው። በየወሩ አንድ ገጽ ወረቀት ይዘጋጅ። ባንክ ውስጥ ያለው ጥሬ ገንዘብ፣ በዚያ ገንዘብ የስንት ወር ደመወዝ እንደሚከፈል፣ ለአቅራቢዎች ያለው ዕዳ፣ ከተማሪ ያልተሰበሰበው ክፍያ፣ ለምርምር ተለይቶ የተሰጠውና ማንም ሊነካው የማይገባው ገንዘብ ይጻፍበት። ይህ ገጽ ለቦርዱና ለሴኔቱ በአንድ ቀን ይድረስ። በሁለቱ መካከል የቀን ልዩነት ካለ ወረቀቱ መቀባባት ይጀምራል። የውስጥ ኦዲተሩ ደግሞ ተጠሪነቱ ለቦርዱ ይሁን፤ ፕሬዚዳንቱ በሌሉበትም ከቦርዱ የኦዲት ኮሚቴ ጋር የሚገናኝበት ቋሚ ቀን ይኑረው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ቦርዶች ውስጥ በሹመታቸው የተቀመጡ፣ እጅግ ሥራ የበዛባቸው የመንግሥት ባለሥልጣናት ብዙ ጊዜ አይተናል። ክብር ይገባቸዋል፤ ግን የሒሳብ መግለጫ አንብቦ የሚጠይቅ፣ ሰነዱ ቀድሞ ካልደረሰው ስብሰባ የማይገባ የሒሳብ ባለሙያና የቀድሞ ተማሪ ከእነሱ ጎን መቀመጥ አለበት።

ስለ ቅነሳም በሰላሙ ጊዜ እንነጋገር። ገንዘብ ሲያጥር መጨረሻ የሚነካው ምንድን ነው? የእኔ ዝርዝር አጭር ነው፤ የተማሪው ምግብ፣ የቤተ መጻሕፍት ሰዓት፣ የላቦራቶሪ ትምህርት። መጀመሪያ የሚነካው የአመራሩ ጉዞ፣ መኪናና አበል ነው። የደንዲ ሰዎች በጣም የተቆጡት ኃላፊዎቻቸው ችግሩ እየመጣ ለጉዞ ያወጡት ገንዘብ ሲገለጥ ነበር፤ ከአጠቃላይ ጉድለቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ሠራተኛ መሥዋዕትነት ሲጠየቅ ቀድሞ የሚያየው ጠያቂውን ነው። ክፍያ የሚጠየቀውን ተማሪም አንርሳ። በ1996 ዓ.ም. የወጪ መጋራት ሲጀመር ዕዳው ከምረቃ በኋላ ከደመወዝ እንዲከፈል ተደርጎ ነበር፤ አሰባሰቡ የደከመ ቢሆንም ሐሳቡ የድሃውን ልጅ በር ላይ አልመለሰውም። ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ የክፍያ ተመን ሲያወጣ፣ ስንት ተማሪ በነፃ ትምህርት ዕድል እንደገባ፣ ስንቱም በገንዘብ እጦት እንዳቋረጠ በዚያችው ወርኃዊ ገጽ ላይ ይጻፍ። የማይቈጠር ተማሪ ይረሳል።

በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በስቶክሆልም ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ለዩኒቨርሲቲው ቋሚ ፈንድ እንዲያዋጡ ሲጠየቁ የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ በየት እናያለን? ጥያቄው የጥርጣሬ ብቻ አይደለም፤ ለመስጠት የተዘጋጀ ሰው ጥያቄ ነው። መልስ ሊያገኝ ይገባል።

የራስ ገዙ ዩኒቨርሲቲ ቦርድና ፕሬዚዳንት፣ የነገዎቹም ራስ ገዞች፣ እለምናችኋለሁ። ሰኔ 30 የሚዘጋውን ሒሳብ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አስመርምሩ፤ ከኦዲተሩ አስተያየት ጋር አንድ ቃል ሳትቀንሱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አትማችሁ ለሁሉም አድርሱ። ጉድለት ካለበት ከነጉድለቱ ይውጣ። መምህራን ሆይ፣ ሴኔት ስትገቡ ያንን ሒሳብ አንብባችሁ ግቡ፤ ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ጥያቄያችሁም በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር አስደርጉ። እዚህ የተቀመጣችሁ ወላጆች ደግሞ ልጃችሁን ልታስመዘግቡ ስትሄዱ ከክፍያው ተመን ጋር የዓመቱን የሒሳብ መግለጫ ጠይቁ፤ ከፋዮች ናችሁና የመጠየቅ መብት አላችሁ።